ዕድሩ የወሰነውን ዘመቻ አይተካውም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ ባወጣችሁት እትም የሴት ልጅ ግርዛትን ስለማስቀረት የቀረበውን ሰፊ ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። በዚህ ርዕስ ላይ ብዕሩን የሚያነሣ ሰው እየጠፋ ስለሆነ ጸሐፊውን ከልብ አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ ጽሑፉ በመደምደሚያው ሁለት መፍትሔዎችን ብቻ አስቀምጦ ያልፋል፤ ሕጉ ይጥበቅ፣ የግንዛቤ ማስጨበጫ ዘመቻው ይስፋ ይላል። ሁለቱንም አልቃወምም። ነገር ግን ድርጊቱ በእርግጥ በቀነሰበት በአንድ የአገራችን አካባቢ ማን እንዳስቀረው፣ እንዴትስ እንዳስቀረው አንድም ቃል አልተነገረም። እኔ የተወለድኩት ከምባታ ነው። 34 ዓመት በመምህርነት አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ከዚያ ውስጥ 11 ዓመት የመንደራችን ዕድር ጸሐፊ ነበርኩ። ያየሁትን ሳልጽፍ ብቀር ኅሊናዬ አያስተኛኝም።

አገራችን እ.ኤ.አ. በ2014 ለንደን ላይ በተካሄደው የልጃገረዶች ጉባኤ የሴት ልጅ ግርዛትንና ያለዕድሜ ጋብቻን እስከ 2025 ለማስቆም ቃል ገብታ ነበር። ዓመቱ መጥቶ አለፈ፤ ልጃገረዶች ዛሬም ይገረዛሉ። እ.ኤ.አ. የ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 65 በመቶ የሚሆኑት እንደተገረዙ፣ ከ15 እስከ 19 ባለው ዕድሜ ግን ቁጥሩ ወደ 47 በመቶ ዝቅ እንዳለ አሳይቷል። ልዩነቱ ተስፋ ይሰጣል። ነገር ግን 47 በመቶ ማለት እኔ ሳስተምር ከፊቴ ከሚቀመጡት ልጃገረዶች ግማሽ ያህሉ ማለት ስለሆነ፣ ቁጥሩን በተመለከትኩ ቁጥር የሚታየኝ የክፍሉ አግዳሚ ወንበር ነው።

ጽሑፉ «የግንዛቤ እጥረት» የሚለውን ሐረግ ደጋግሞ ይጠቀማል። በዚህ ላይ ስለ ራሴ ቤት መናገር ግድ ይለኛል። በ1986 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ልጄ 13 ዓመት ሲሞላት እኔ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ መምህር ነበርኩ። ስለ ደም መፍሰስ፣ ስለ ቁስል መመረዝ፣ ጠባሳው በወሊድ ጊዜ ስለሚያስከትለው ችግር ከመንደሩ ሰው ሁሉ የተሻለ አውቅ ነበር። ለባለቤቴም አስረድቻት ነበር፤ እርሷም አልተከራከረችኝም፤ ያለፈችበት ነውና ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ሆኖም ልጃችን ተገረዘች። እናቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የጠየቀችኝ፤ «ማን ያገባታል?» አለችኝ። ያልተገረዘች ሴት ንጹሕ እንዳልሆነች በሚታመንበት አገር፣ አማቷ ቡናዋን እንኳ አልጠጣም በምትልበት አገር፣ እኔ ብቻዬን ልጄን ባላስገርዝ የምከላከልላት መስሎኝ የማስወጣት ከሰው መካከል ነበር። ዕውቀት አልጎደለኝም። የጎደለኝ አብሮኝ የሚቆም ጎረቤት ነበር፤ ያ ጎረቤትም በበኩሉ እኔን ይጠብቅ እንደነበር የተረዳሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

ይህ ልማድ እንዲህ ዓይነት ጠባይ አለው። እያንዳንዱ ወላጅ ልጁን የሚያስገርዘው ሌላው ስለሚያስገርዝ ነው፤ ሌላውም እንዲሁ። ስለዚህ አንድ አባት ብቻውን ቢተወው ጉዳቱ በልጁ ላይ ይወድቃል፤ መንደሩ በአንድ ቀን፣ እርስ በርሱ እየተያየ ቢተወው ግን ማንም አይጎዳም። ከዋና ከተማ የሚላክ ፖስተር ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ይናገራል እንጂ መንደሩን እርስ በርሱ ሊያነጋግረው አይችልም።

በከምባታ ይህንን ማነጋገር የጀመሩት ዶክተር ቦጋለች ገብሬ እንደሆኑ አገር ያውቃል። ራሳቸው በልጅነታቸው የተገረዙ፣ ውኃ ልትቀዳ ሄደች እየተባለ ተደብቀው ፊደል የቆጠሩ፣ በኋላም በእስራኤልና በአሜሪካ የተማሩ ሴት ነበሩ። ከእህታቸው ከፍቅርተ ገብሬ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1997 «ከምባቲ መንቲ ገዚማ ቶጴ» የተባለውን የሴቶች ማኅበር አቋቋሙ፤ ትርጉሙ የከምባታ ሴቶች በአንድነት ሲቆሙ እንደማለት ነው። ስለ እርሳቸው ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ግን መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ነው። ስለ ኤችአይቪ ሊያስተምሩ ሲመጡ ሽማግሌዎቹ የነገሯቸው ስለ ድልድይ ነበር፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ወደ ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ አልነበራቸውም። እርሳቸውም ድልድዩን ከሕዝቡ ጋር አሠሩ። ስለ ሴቶች አካል መነጋገር የተቻለው ከዚያ በኋላ ነው። «የምንፈልገውን ሰምታ የሠራች፣ የምትለውን ልንሰማት ይገባናል» የሚል ስሜት በሰው ልብ አደረ። ዛሬ ወደ ገጠር የሚወርዱ ባለሙያዎች ይህችን ቅደም ተከተል ቢያጠኗት እወዳለሁ፤ ብዙዎቹ የሚያሻግሩትን ሳይጠይቁ የሚያስተምሩትን ይዘው ይመጣሉና።

ሥራው የሚሠራው «የማኅበረሰብ ውይይት» በሚባለው መንገድ ነበር። በየቀበሌው 50 ያህል ሰዎች ይመረጣሉ፤ ወንድና ሴት፣ ሽማግሌና ወጣት፣ የሃይማኖት አባትና የዕድር ዳኛ፣ ያልተገረዙ ልጃገረዶችም ጭምር። በወር ሁለት ጊዜ ይሰበሰባሉ። አወያዮቹ ከዚያው ከመንደሩ የተመረጡና የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው፤ ተናጋሪ እንዲሆኑ ሳይሆን ጠያቂ እንዲሆኑ ነው የተማሩት። በእኛ መንደር የመጀመሪያዎቹ ወራት ያለፉት ስለ ውኃ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ በሽታ በመነጋገር ነበር። የአበል ነገር አልነበረም፤ ሰው የሚመጣው ከእንሰት ሥራው ተነሥቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ በራሱ ጊዜ ነበር።

አንዱን ቀን እስካሁን እንደትናንት አስታውሰዋለሁ። የተቀመጥነው ከትልቁ ዋርካ ሥር ነው። ባሏ በሕይወት እያለ በሸንጎ ፊት ቃል ተናግራ የማታውቅ አንዲት እናት ተነሥታ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ እንዳደረገች፣ ሁለት ልጆቿን በወሊድ እንዴት እንዳጣች ተናገረች። ወንዶቹ መሬት መሬት አየን። ከዚያ አንድ አዛውንት ያችን የእናቴን ጥያቄ ደገሙ፤ «ይሁን፣ እንተወው፤ ግን ማን ያገባታል?» አሉ። ዝም አልን። ቀድሞ ያስተማርኩት አንድ ወጣት ከኋላ ተነሥቶ «እኔ አገባለሁ፤ አባቴ ከፈቀደልኝ» አለ። አባትየው እዚያው፣ ከእርሱ አራት ሰው አልፎ ተቀምጧል። ሁሉም ዞሮ አየው። ሰውየው በበትሩ መሬቱን እየጫረ ምንም ሳይመልስ ስብሰባው ተበተነ። በሁለት ሳምንቱ ስንገናኝ ግን ገና አወያይዋ ሳትጀምር እጁን አንሥቶ፣ «ልጄ ያለውን ብሏል፤ እኔም አልከለክልም። የማልከለክለው ግን እናንተም ካልከለከላችሁ ነው» አለ። በእኔ እምነት የመንደራችን ግርዛት የቆመው በዚያች ዓረፍተ ነገር ነው። ማንም ባለሥልጣን አልነበረም፤ ሕግም አልተጠቀሰም። አንድ አባት የሌሎቹን ቃል ጠየቀ፤ ሌሎቹም ሰጡት።

ቃል ግን ይረሳል፤ ስለዚህ ወደ ዕድሩ መጣ። በእኛ አገር ዕድርንም የአገር መተዳደሪያ ሕግንም «ሴራ» እንለዋለን። ቃሉ በአማርኛ ክፉ ትርጉም ስላለው እንግዳ ሰው ይደነግጣል፤ ለእኛ ግን ሰው ተስማምቶ የሚተዳደርበት ሥርዓት ማለት ነው። የዕድሩ መዝገብ በእኔ እጅ ነበር። የወር መዋጮ፣ የድንኳንና የድስት ኪራይ፣ ቃሬዛ ሳይሸከም የቀረ የሚከፍለው መቀጮ፣ ለቅሶ ላይ ያልተገኘ የሚጠየቅበት ሁኔታ ተራ በተራ ሰፍረውበታል። በ1995 ዓ.ም. ከነዚህ በታች አንድ አንቀጽ እንድጨምር ታዘዝኩ። ከእሑድ ከሰዓት በኋላ የተጀመረው ክርክር ጀምበር እስክትጠልቅ አላበቃም፤ የተከራከርነውም ስለ ዓላማው ሳይሆን ስለ ቃሉ ነበር። እኔ መጀመሪያ «ሴት ልጁን ያስገረዘ አባል ይቀጣል» ብዬ ጻፍኩ። ሴቶቹ አልተቀበሉትም፤ የሚያስገርዘው አባት ብቻ አይደለም አሉ። «የገረዘ፣ ያስገረዘ፣ ወይም እያወቀ የደበቀ» ተባለ። አንዲት ወጣት ሚስት ደግሞ «አያትም ብትሆን የሚለው ይግባልኝ» አለች፤ ሳቅ ሆነ፣ ነገር ግን ገባ። ቅጣቱም አጨቃጨቀ። ከዕድር መሰረዝ ማለት ሬሳ የሚያነሣ ማጣት ማለት ስለሆነ፣ ሽማግሌዎቹ በአንድ ጊዜ እዚያ አንድረስ አሉ። መጀመሪያ ምክር፣ ቀጥሎ መቀጮ፣ በሦስተኛው መሰረዝ ሆነ። ስምምነቱ ሲነበብ ፊርማ የሚያውቅ ፈረመ፤ የማያውቅ አውራ ጣቱን አሳረፈ።

እዚህ ላይ ሳልናገር ባልፍ ሐሰት የሚሆንብኝ ነገር አለ። ያ ዕድር ለዓመታት ልማዱን ያጸና የነበረው ራሱ ዕድር ነው። በስድብ ስም ይጠሩ የነበሩትን የሸክላ ሠሪ ቤተሰቦች ከአባልነት አግልሎ የኖረውም እርሱ ነው፤ አብረናቸው አንቀበርም፣ አንጋባም ነበር። የሕዝብ ኅብረት ኃይል ነው፤ ኃይሉም ለማቀፍም ለማግለልም ያገለግላል። በውይይቱ የመጀመሪያ ወራት ሸክላ ሠሪዎቹ እናቶች የሚቀመጡት ለብቻቸው፣ ከጥላው ወጣ ብለው ፀሐይ ላይ ነበር። አወያይዋ አንድ ቀን ቦታዋን ለቅቃ አብራቸው ፀሐዩ ላይ ተቀመጠችና ከዚያ ሆና ስብሰባውን መራች። የሚቀጥለው ጊዜ ሁላችንም ተጠጋግተን ጥላው በቃን። ስለ ሴቶች መብት ልንነጋገር መጥተን ስለ ራሳችን ሌላ ኃጢአት አወቅን፤ ይህንንም ከላይ የመጣ መመሪያ አላሳየንም።

በ1994 ዓ.ም. በከምባታ የተደረገውን ሠርግ በዕድሜ የገፉ አንባቢዎች ያስታውሱት ይሆናል። ሙሽራዋ ያልተገረዘች መሆኗን፣ ሙሽራውም ያልተገረዘች ሚስት በማግባቱ ደስተኛ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ከሁለት ሺህ ሰው በላይ በተገኘበት ተጋቡ። እንደ ሠርግ አይቶ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን ለእናቴ ጥያቄ ከዚያ የበለጠ መልስ አልነበረም፤ ማን ያገባታል ላለ ሁሉ ሙሽራው ቆሞ ይታያል። ከእኛ መንደር በእግራቸው ሄደው ያዩ ወጣቶች ለወራት ያወሩት እርሱኑ ነበር። ከዚያ በኋላ ያልተገረዙ ልጃገረዶች ማኅበር እየፈጠሩ ለአደባባይ በዓል ይወጡ ጀመር፤ ቀድሞ ስድብ የነበረው ነገር መጠሪያቸው ሆነ።

ውጤቱ በወሬ ብቻ የቀረ አይደለም። ዩኒሴፍ ያስጠናው ጥናት እንዳሳየው እ.ኤ.አ. በ1999 በአካባቢው ሰው ዘንድ 97 በመቶ የነበረው የግርዛት ድጋፍ በ2008 ከ5 በመቶ በታች ወርዶ ነበር። ዶክተር ቦጋለችም በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2013 በቤልጂየም የንጉሥ ቦዱዌን ሽልማት ተሰጣቸው። በ2012 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ሲለዩ ብዙ ጋዜጦች «ግርዛትን ያስቆሙ ሴት» ብለው ጻፉላቸው። ክብር ይገባቸዋል፤ እኔም አልቅሻለሁ። ነገር ግን ታሪኩን በአንድ ሰው ስም ስንዘጋው ያች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የተናገረች እናት፣ በበትሩ መሬት የጫረው አባት፣ «አያትም ብትሆን» ያለችው ወጣት ይጠፋሉ። እነርሱ ከጠፉ ደግሞ ሌላው አካባቢ የሚማረው ትምህርት ይጠፋል፤ ጀግና እስኪወለድለት ቁጭ ብሎ ይጠብቃልና።

ስለ ሕግ አንድ ነገር ልበል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከጎጂ ባህል ተጽዕኖ የመላቀቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 565 ግርዛትን ወንጀል አድርጎታል። የቀድሞው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ዘንድ መንገድ ትቶ ነበር፤ አዲሱ ሕግ ይህንን መንገድ ዘግቷል። ይህም ቢሆን ከላይ በችሮታ የወረደ አልነበረም። በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በየፍርድ ቤቱ ደጅ እየጠና፣ በአርሲ የጠለፋትን ሰው ገድላ የተከሰሰችውን የ14 ዓመት ልጅ ጥብቅና ቆሞ ነጻ እያስወጣ፣ የቤተሰብ ሕጉም እንዲሻሻል እየጎተጎተ የመጣ ነው። ሕግም የሚወለደው ከሰው ጩኸት ነው ለማለት ነው። የወንጀል ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል የእኛ መዝገብ አንቀጹን ከያዘ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ስለዚህ ሕጉ በመጣ ጊዜ የተቀበልነው እንደ ወዳጅ ነበር። ምክሩን ያልሰማ ሰው ቢገኝ ከጀርባችን ፍርድ ቤት እንዳለ አወቅን፤ ይህ ብዙ ይረዳል።

ሕጉ ቀድሞ ሰዉ ያልተከተለበት ቦታ ግን ሌላ ነው። እዚያ ልማዱ ይደበቃል እንጂ አይሞትም። ቀድሞ በአደባባይ፣ በጭፈራ ይደረግ የነበረው በሌሊት ይሆናል፤ ልጅቷ አፍ አውጥታ እንዳትናገር ዕድሜዋ ይቀነሳል፤ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ተብላ ወደ ሌላ ቀበሌ ትወሰዳለች። ይህንን ለፖሊስ የሚያመለክት ጎረቤት ማግኘት ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ዐቃቤ ሕግ ፋይሉን ዘግቶ ይሄዳል፣ ጎረቤቱ ግን ነገ ሬሳውን የሚያነሡለት እነዚያው የከሰሳቸው ሰዎች ናቸው። ዕድሩ ራሱ ከሳሽ ሲሆን ብቻ ነው ይህ ፍርሃት የሚቀረው።

የእኛ ሥራ ለምን ተዳከመ ለሚለው ጥያቄ አንዱ ምክንያት ያለፈው የማኅበራት ሕግ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በሴቶችና በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠሩ ከለከለ። በየአካባቢው ስንቱ ማኅበር ስሙን ቀየረ፣ ስንቱ «መብት» የሚለውን ቃል ከወረቀቱ ላይ ፋቀ። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሻረ፤ በመካከል ያለፉት አሥር ዓመታት ግን ቀላል አልነበሩም።

ሌላው ምክንያት ግን የራሳችን ነው፤ የሚያሳዝነኝም ይኸኛው ነው። ያለፈውን መስቀል በአገሬ ነው ያከበርኩት። በቀበሌው መግቢያ ላይ «ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ነጻ የሆነ ቀበሌ» የሚለው ሰሌዳ ቆሟል፤ ፀሐይ ጽሑፉን አጥቦታል። ውይይቱ ከቆመ ቆይቷል። አሁን ያለው በዓመት አንድ ጊዜ በወረዳ አዳራሽ የሚደረግ ስብሰባ ነው፤ ከላይ ንግግር ይደረጋል፣ ካናቴራ ይታደላል፣ አበል ይከፈላል፣ ፎቶ ተነሥቶ ሪፖርት ይላካል። የተሰበሰበው ሰው ቁጥር በሪፖርቱ ላይ ይሰፍራል፤ እርስ በርሱ ምን እንደተባባለ ግን የሚሰፍርበት ቦታ የለም፤ የሚባባልበት ጊዜም አልተሰጠውም። ቡና ስንጠጣ ሁለት እናቶች በዝግታ፣ በሁለት ቤት ነገሩ እንደተመለሰ፣ ሕፃናት ላይ እንደተደረገ ሹክ አሉኝ። ለምን ለዕድሩ አትናገሩም አልኳቸው። ተያዩና «ዕድሩ ምን አገባው?» አሉኝ።

ደነገጥኩ። በማግስቱ አዲሱን ጸሐፊ ፈልጌ መዝገቡን እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። ቅንና ትጉህ ወጣት ነው፤ ድሮ የነበረውን የተቀዳደደ መዝገብ በኮምፒውተር አስጽፎ፣ በፕላስቲክ አስጠርዞ በሥርዓት ይዞታል። ገጹን እየገለጥኩ ሄድኩ። መዋጮው አለ፤ በዘመኑ ዋጋ ተሻሽሏል። ድንኳኑ አለ፣ ወንበሩ አለ፣ ቃሬዛው አለ፣ ለቅሶ የቀረ ሰው መቀጮም አለ። የእኛ አንቀጽ የለም። ምን ሆነ ስለው በትሕትና መለሰልኝ፦ «መምህር፣ እርሱ እኮ አሁን የመንግሥት ሥራ ሆኗል፤ በሕግ ስላለ ድግግሞሽ እንዳይሆን ብለን ነው የተውነው።» በክፋት ያደረገው አይደለም። ይህ ሥራ የባለሙያና የቢሮ ነው እየተባለ ለዓመታት ሲነገረው ያደገ ልጅ፣ ከዚህ ሌላ ምን ያስብ? እኛ እንደ ወሰንነው የነገረው የለም። እኔም ሐዋሳ ተቀምጬ አልነገርኩትም።

ለዚህ ነው ለጽሑፉ መልስ የምሰጠው። ዘመቻ ይስፋ ከተባለ ይስፋ፤ ነገር ግን የሴቶችና የጤና ጽሕፈት ቤቶች በአዳራሽ ስብሰባ የሚያወጡትን ጊዜና ገንዘብ ከፊሉን እንኳ በየመንደሩ በወር ሁለት ጊዜ ለሚደረገው ውይይት አወያዮችን ለማሠልጠን ቢያውሉት፣ ከዚያም ውጤቱን በተሰብሳቢ ብዛት ሳይሆን ስንት ዕድር በመዝገቡ ላይ አንቀጽ እንዳሰፈረና ስንቱ እንደተገበረው ቢለኩት እለምናለሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ከቤት ቤት እየዞሩ የሚደክሙትን ድካም አያለሁ፤ ግን ከቤት ቤት የሚነገር ነገር እያንዳንዱን ቤት ለብቻው ያስቀራል፤ ቤቶቹን ወደ አንድ ጥላ የሚያመጣ ያስፈልጋቸዋል። በሶማሌና በአፋር ክልሎች እ.ኤ.አ. በ2016 ድርጊቱ ከ90 በመቶ በላይ ነበር፤ እዚያ የእኛ ዕድር የለም፤ የጎሳ ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የራሳቸው የመማከሪያ ሥርዓት ግን አላቸው። የእኛ አንቀጽ ተገልብጦ ይወሰድላቸው አልልም። ቃሉን ራሳቸው ይከራከሩበት፣ ራሳቸው ይጻፉት፤ ከሌላ የተገለበጠ ቃል በማግስቱ እንደሚሰረዝ በእኛ መዝገብ አይቻለሁ። ጋዜጣችሁም ቢሆን ዘጋቢ ስትልኩ ከወረዳው ቢሮ መግለጫ ተቀብሎ ከመመለሱ በፊት አንድ እሑድ በአንድ ዕድር ስብሰባ ላይ ቢቀመጥ፣ ከሚጽፈው ዜና ግማሹ እዚያ እንደሚገኝ አምናለሁ።

ልጆቼን በሚመለከት፣ ትልቋ ልጄ ይህንን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት አንብባዋለች። የመጨረሻዋ ልጄ በ1995 ዓ.ም. 12 ዓመቷ ነበር፤ አልተገረዘችም። ትልቋ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ልጇ ሁለት ቀን አምጣ ከተገላገለች ጥቂት ወራት ሆኗት ነበር፤ የእህቷን ነገር ስትሰማ ደስ ብሏት እህቷን አቀፈቻት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «እኔስ፣ አባዬ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት፤ ሁለቱም አልተገረዙም። ስሟን ሳልጠራ ይህንን እንድጽፍ የፈቀደችልኝ እርሷ ናት።

የዕድሩ ዳኛ አንቀጹን በጥር ወር በሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እንደገና ለውይይት እንደሚያቀርብ ቃል ገብቶልኛል። ጸሐፊውም አጀንዳ አድርጎ ይዞታል፤ ሁለቱን እናቶች ግን ማንም በስም እንዳይጠይቃቸው አስምለነዋል። እኔም በዕለቱ እገኛለሁ። የድሮውን መዝገብ ገጽ፣ ከአውራ ጣቶቹ አሻራ ጋር፣ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬላችኋለሁ፤ የሰዎቹ ስም የሚነበብበትን ክፍል ሸፍኜዋለሁ። አንቀጹ ከታች በሰባተኛው ተራ ቁጥር ላይ ይገኛል።

ከአክብሮት ጋር፣

ጡረተኛ መምህር፣ ከሐዋሳ